የአጎቴ ትርጉም

ይህች ካሴት እጄ በገባች ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይኸው ስንት ዓመቷ፣ አሁንም አልበረደልኝም።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እያለሁ፣ ደርግ ወድቆ ቱሪስት ወደ ላሊበላ መመለስ በጀመረበት ሰሞን፣ እናቴ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥብ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምሄደው ሳሙናና እርጥብ አንሶላ ወደሚሸተው የሆቴሉ ጓሮ ነው። የእናቴ ወንድም ጋሼ ሙላት አስጎብኚ ነበሩ። ከቤተሰቡ እንግሊዝኛ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ፈረንጅ ያለውን ሁሉ የምንሰማው በእሳቸው አፍ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሽበታም እንግሊዛዊ ጓሮ ድረስ መጥቶ ስለ ወጣትነቱ አወራን። በአገሩ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ ሲጀማመር፣ መሣሪያ መግዛት ያቃታቸው ልጆች የሻይ ቅጠል የሚመጣበትን የጣውላ ሳጥን ይገለብጡና፣ የመጥረጊያ እንጨት አቁመው፣ ከሳጥኑ እስከ እንጨቱ ጫፍ ሲባጎ ወጥረው ቤዝ የሚሉትን ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ይሠሩ ነበር አለ። ሸንተረር ያለውን የልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮ በጣታቸው እየፋቁ ምት ያወጣሉ። በየምድር ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እንዲያ ሲንጫጩ ከነበሩት መሀል ኋላ ዓለም ያወቃቸው ወጡ፤ እሱ ግን አናጢ ሆኖ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን እኔም ከሳሙና ሳጥንና ከተሰበረ መወልወያ እንጨት የራሴን ሠራሁ። እንጨቱን ወደ ውጭ ስገፋው ድምፁ ይቀጥናል፣ ስመልሰው ይወፍራል። የሠርግ ዘፈን ተጫወትኩ። እናቴ በሳሙና እጇ አጨበጨበች፤ ሰውየው ትንሽ መቅረጫውን መሬት ላይ አስቀምጦ ቀዳኝ። ስጨርስ ብዙ ተናገረ። ጋሼ ሙላት ግን አሳጠሩት።

«ይሄ የወንድ ጨዋታ ነው፤ ተይና ትምህርትሽን አጥኚ ይልሻል።»

ሰውየው ካሴቷን አውጥቶ ፈገግ እያለ ሰጠኝ። ፈገግታው ሽሙጥ መሰለኝ። ሳጥኔን ሰባብሬ የልብስ ማጠቢያው ውኃ የሚፈላበት እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ካሴቷን እናቴ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠቻት።

የሰማኋት ኮሌጅ ጨርሼ፣ እንግሊዝኛው ከገባኝ በኋላ ነው። ሰውየው ያለው ይህን ነበር፦ «እኛ ስንጀምር ማናችንም እንደዚህች ልጅ አልነበርንም። መቀጠል ትፈልግ እንደሆነ ጠይቅልኝ፤ ጊታር እልክላታለሁ።»

አጎቴ ቤት ሄጄ አሰማኋቸው። አላፈሩም።

«እታለም፣ አዝማሪ ሆነሽ በየሠርግ ቤቱ ስትንከራተች ማየት አልፈለግሁም። ላንችው ብየ ነው።»

«ጠይቅልኝ ነው ያለዎት» አልኳቸው። «ለምን አልጠየቁኝም?»

ለእኔ አስበው! የራሳቸውን ስም ፈርተው የእኔን ዕድል ዋጡት።

ዛሬ እኔም አስጎብኚ ነኝ። ቱሪስት ሲያመሰግንም ሲሳደብም አንዲት ቃል ሳላስቀር እተረጉማለሁ። የዛሬ ልጆች የዓለሙን ዘፈን በስልካቸው ይሰማሉ፤ በመሀል የሚቆምባቸው የለም። እሰይ እላለሁ። ያ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ጓሮ ግን ይናፍቀኛል።

አጎቴን አንድ ቀን ይቅር እላቸው ይሆናል። የካሴቷን መጨረሻ ግን አልችለውም። ከእሳቸው የውሸት ትርጉም በኋላም መቅረጫው አልቆመም። ከዚያ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በቀጭን ድምፅ «እሺ፣ ጋሼ» ትላለች።