አሸናፊን ከማሽኑ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ነበር ወይስ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ፣ ይምታታብኛል። ቀኑ ግን ዓርብ ነበር። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ሰው ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ ሳታውቀው ሞተች። ብቻዬን ተንበርክኬ ኃጢአቴን አንድ በአንድ ስናገር እንኳ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፍ ነበር፤ እኔ ስዘል እግዚአብሔርም አብሮኝ የሚዘል ይመስል።

አሁን በጽሑፍ የማደርገው ጽሕፈት ቀሎኝ አይደለም። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው፤ አንድ ገጽ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ግን አፌን አላምነውም። አፌ ሲፈራ ቀልድ ይወዳል። ይህን ነገር ደግሞ ከቀልድ ጋር የሚሰማኝ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

ስሜ ኤርጎጌ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሆሳዕና ውስጥ አናጢ ነበርኩ። ሰው ጋሼ ኤርጎጌ ይለኛል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የአጥር ወሰን ሲገፋ፣ ሽማግሌ ሆኜ የምጠራ ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ልኮራበት ብዬ አይደለም። ጥፋቴን ያከፋው እሱ ስለሆነ ነው።

ጎረቤቴ አበበች እኩያዬ ነበረች፤ አንቺ፣ አንተ እንባባላለን። ሁለት ልጆቿ አሸናፊና ታምራት፣ እንደ ብዙዎቹ የኛ አካባቢ ልጆች፣ ደቡብ አፍሪካ ሄደው ሱቅ ከፍተው ነበር። አሸናፊን እዚያው ሱቁ ውስጥ ዘራፊዎች ገደሉት። ታናሹ ታምራት የወንድሙን አስከሬን ይዞ መጣ፤ ተመልሶም አልሄደ።

አሸናፊ ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት ለእናቱ ብሎ ራሱን በስልክ ቀርጾ ነበር። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሱቁ ውስጥ ቆሞ፣ ከኋላው የለስላሳ ሣጥን ተደርድሮ፣ በሀዲይኛ ያናግራታል። ጉልበትሽ እንዴት ነው ይላታል። ላሟ ወለደች ወይ ይላታል። ከስቷል የሚልሽ ታምራት ነው፣ ውሸቱን ነው፣ ይኸው እዪኝ ብሎ ጉንጩን ይነፋል። መጨረሻ ላይ ደንበኛ መስኮቱን ሲያንኳኳ፣ ቆይ እማዬ መጣሁ ብሎ ይሄዳል። ቪዲዮው እዚያ ላይ ያልቃል።

እዚያ አገር፣ ሱቃቸው በር ላይ ሰው ቆሞ የሚጫወትበት የጌም ማሽን ነበራቸው አሉ። ቁም ሣጥን የሚያህል ነው፤ ከላይ ቴሌቪዥን፣ ከታች እንደ መኪና ማርሽ ያለ ዱላና ቁልፎች አሉት። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ወንድማማቾች እሱ ላይ ይፎካከሩ ነበር። ታምራት ሐዘኑ ሲጠናበት እንደዚያ ያለ ማሽን እቤቱ ሊያቆም ፈለገ። ዱላውንና ቁልፎቹን ከዚያው ይዞ መጥቷል። ሣጥኑን እኔ ከችፑድ ሠራሁለት፤ ፊቱን ቫርኒሽ ቀባሁት፣ ከኋላው በብሎን የሚፈታ በር አበጀሁለት። ውስጡን የሠራው ከድር ነው።

ከድር የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ቤት ነበረችው። የሦስት ልጆች አባት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሣጥኑ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር አስገባበትና የድሮ የጌም ማሽኖችን ሁሉ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ጫነበት። ሲከፈት ማንበብ አያስፈልግም። የየጌሙ ሥዕል በረድፍ ይመጣል፤ በዱላው የፈለግኸው ሥዕል ላይ ትሄዳለህ፣ አረንጓዴውን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ይከፈትልሃል። መኪና አለ፣ አውሮፕላን አለ፣ ካራቴ የሚማቱ አሉ።

አበበች ማንበብ አትችልም። የስልክ ስክሪን ደግሞ ለዓይኗ ያንስባታል። ከድር ይህን አይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አንድ ነገር አደረገ። የአሸናፊን ቪዲዮ ከራሱ ከአሸናፊ ስልክ በወጣ የተበላሸ ሚሞሪ ካርድ ላይ በስንት መከራ አውጥቶ ማሽኑ ውስጥ አስገባው። የአሸናፊንም ፎቶ ከጌሞቹ ሁሉ ፊት፣ መጀመሪያው ላይ አስቀመጠው። አበበች አረንጓዴውን ስትጫን ልጇ ትልቅ ሆኖ ወጣና ጉልበትሽ እንዴት ነው አላት። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«ደህና ነው ልጄ፣ ትናንት ቅቤ ተቀብቼዋለሁ» ብላ መለሰችለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ሄዳ ታነጋግረው ነበር። ሚሞሪ ካርዱ ግን ከዚያ ወዲያ አልሠራም። አሸናፊ ያለው ማሽኑ ውስጥ ብቻ ሆነ።

ሁለት ሳምንት እንደሆነው ማሽኑ እየጋለ አስቸገረ። ከድር ማራገቢያ ሊገጥምለት፣ እኔ ለማራገቢያው ቀዳዳ ልከፍትለት፣ ዓርብ ዕለት አበበች ቤት ተገናኘን። እሷና ታምራት ዘመድ ጥየቃ ወጥተዋል። እኩለ ቀን ሲቃረብ ከድር እጁን ጠራርጎ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ጁምዓ ደርሼ ልምጣ። በዚያው ባዶ ሲዲ ገዝቼ እመለሳለሁ፤ ይቺን ቪዲዮ ሳላባዛት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ማሽኑን ሙቀቱን ልየው ብዬ ነው ያልዘጋሁት፣ እንዳይነኩት።»

«ሂድ፣ ለኔም ጸልይልኝ» አልኩት።

ቀዳዳውን ከፍቼ ጨረስኩ። ግራ ቀኝ አየሁ። ስልሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው፣ ሽማግሌ የምባል ሰው፣ ማንም አለመኖሩን አረጋግጬ ዱላውን ያዝኩ። ለምን? መጫወት አምሮኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሣጥኑን ስሠራ ጀምሮ አምሮኝ ነበር፣ ሰው ፊት ግን አፈርኩ። አውሮፕላኑን ከፈትኩ። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፤ በሦስተኛው ብቻዬን ስቄያለሁ። ከዚያ ወደ ሥዕሎቹ እንዴት እንደሚመለስ አላወቅሁም። ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ ነካካሁ፣ ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ተጫንኩ። ሥዕሎቹ መጡ። የአሸናፊ ፎቶ ላይ ደረስኩ። ቁልፎቹን ደግሞ ነካካሁ። በላዩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ መሰል ነገር ወጣ፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፣ ከሥሩ ሁለት ቃላት። ምን እንደሚል አላወቅሁም። አረንጓዴው ሁልጊዜ የሚከፍተው ቁልፍ ነው ብዬ አረንጓዴውን ተጫንኩ። እንደገና ጠየቀኝ። እንደገና ተጫንኩ።

ሰሌዳው ጠፋ። አሸናፊም አብሮት ጠፋ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ባዶ ቦታ አለመኖሩ ነው። ሥዕሎቹ ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ተጠግተው ቦታውን ሞሉት። አሸናፊ በነበረበት ላይ ቀይ መኪና ቆሟል፣ ከጥንትም እዚያ የነበረ ይመስል። ረድፉን እስከ መጨረሻው ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያስ ምን አደረግሁ? የብርጭቆ ወረቀት አንስቼ፣ የለሰለሰውን ቀዳዳ እንደገና ማለስለስ ጀመርኩ።

ከድር ሲዲውን በፌስታል ይዞ ገባ። ዱላውን ነካ ነካ አደረገና ቆመ። ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ነክተውት ነበር እንዴ?»

«እኔ የነካሁት እንጨቴን ነው። ወይስ በዚህ ዕድሜዬ ጌም ስጫወት አየኸኝ?»

ብዬ ሳቅሁ። አያችሁ አፌን? እሱም ሳቀ። ጭራሽ «አፉ ይበሉኝ» ብሎ ስለጠየቀኝ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጎ አላገኘውም። አበበች ሲነገራት አላለቀሰችም። «ታዲያ ነገ ጠዋት ምን ልሁን?» ብቻ አለች። ታምራት ግን ነደደ። ከድርን ከቤት አስወጣው፣ ነገሩም ወደ ሽማግሌ ሄደ። ሦስት ሆነን አበበች ግቢ ሣር ላይ ተቀመጥን፤ ሁለት ጎረቤቶቼና እኔ። ያጠፋሁት እኔ፣ ሊፈርድ የተቀመጥኩትም እኔ። እምቢ ማለት አልችልም ነበር? ሆዴን አሞኛል ማለት አልችልም ነበር? ያን ያህል የዋሸሁ ሰው ለዚያች ቀን የምትሆን ትንሽ ውሸት አጣሁ?

ታምራት «ላባዛው ነው እያለ ዛሬ ነገ ሲል ወንድሜን አጠፋው። አልነካሁም ቢል ደግሞ ከሱ ሌላ ማን ሊነካው ነው?» አለ። ከድር እንዲናገር ተፈቀደለት። ተነስቶ ቆመ።

«ማሽኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አለ። «ቤት ውስጥ የነበሩት ጋሼ ኤርጎጌ ናቸው። እሳቸው አልነካሁም ብለውኛል፣ የሳቸውን ቃል ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። እንዴት እንዳጠፋሁት ግን ወላሂ አላውቅም።»

ደነገጥኩ። ዛሬም ይህን ስጽፍ እደነግጣለሁ። ሰውየው የኔን ውሸት ምስክር አድርጎ በራሱ ላይ ፈረደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ እኔ ዞሩ፤ በዕድሜ ትልቁ እኔ ስለነበርኩ ፍርዱን የምናገረው እኔ ነኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ከድር፣ መቼም ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። ሂድና የእናትየዋን ጉልበት ስመህ ይቅርታ ጠይቅ» አልኩ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሄዶ ሳማት፤ አነሳችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣና የኔንም ጉልበት ሳመ፤ ያን ዓርብ ስለጠረጠረኝ ነው። ጉልበቴን አልሰበሰብኩም። አስሳምኩት።

ዕርቅ ወረደ ተባለ። ወሬው ግን ከተማውን ዞረ። በኛ አገር ልጁን ውጭ ያልላከ ቤት ጥቂት ነው፤ ሰው ሁሉ የልጁን ፎቶ በስልኩ፣ በኮምፒውተሩ ይዟል። የሟች ድምፅ አጠፋ የተባለ ሰው እጅ ላይ ማን ያን ያስቀምጣል? ከድር ጥቂት ወር ታገለና ቤቱን ዘጋ። ልጆቹን ይዞ የሚስቱ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ሀደሮ ሄደ። ዕቃውን ሲጭን የጠረጴዛውን እግር የፈታሁለት እኔ ነኝ። አመሰገነኝም።

አንድ ጠዋት አበበች አስጠራችኝ። ስገባ ማሽኑ ፊት ቆማለች። አንዱን ሥዕል ትከፍታለች፣ ታያለች፣ ትዘጋለች፤ ሌላውን ትከፍታለች። ካራቴ የሚማቱት ሲወጡ «እናንተ ዞር በሉ» አለቻቸው። ያን ጊዜ ገባኝ። ከአንዱ ጌም ኋላ ይኖራል ብላ ልጇን እየፈለገች ነበር።

«ኤርጎጌ፣ ሣጥኑን የሠራኸው አንተ ነህ» አለችኝ። «ሾልኮ የሚገባበት ቦታ የለውም?»

ያን ጊዜ መናገር አልነበረብኝም? ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። እኔ ግን ካቻቢቴ ከኪሴ አወጣሁ። የኋላውን በር ፈታሁ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በመዳፏ ተቀበለችኝ። እንደሌለ እያወቅሁ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ እያወቅሁ፣ ባትሪ አብርቼ ጥግ ጥጉን አሳየኋት። ሽቦ ነው፣ አቧራ ነው። አጎንብሳ ረጅም ጊዜ አየች።

«እሺ፣ ዝጋው» አለች።

ብሎኖቹን ከመዳፏ እየወሰድኩ ዘጋሁት። ሙቅ ነበሩ። ቁልፉን መጫኔን የሚረዳልኝ ሰው ይኖር ይሆናል። ያን በር ግን ምን ዓይነት ሰው ይፈታል? እኔ ነኝ የፈታሁት። በዚህ እጄ ነው። አበበች ከዚያ ሁለት ክረምት ኖረች፤ ሳልነግራት ቀበርናት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የኔዋም ሞተች። ድንኳን በተተከለ ማግስት ከድር ከሀደሮ መጣ። ለቀስተኛው ሲበተን እሱ አልሄደም። ሳምንት ሙሉ እቤቴ አደረ። ውሃ ይቀዳል፣ ካልቀመስኩ እሱም አይቀምስም፤ «ጋሼ፣ እኔን በረሃብ ከገደሉኝ ልጆቼ ለሽማግሌ ይከስሱዎታል» እያለ ያጎርሰኛል። ከዚያ ወዲያ ወር በወር ይመጣ ነበር። መጋዝ መያዝ ትቼ፣ በሬን ዘግቼ ግድግዳ ሳይ የምውል ሰው ሆኜ ነበር። አንድ ቀን ጣውላ ተሸክሞ መጣና «ለልጆቼ በርጩማ ካልሠሩልኝ አልሄድም» ብሎ ደጄ ላይ ተቀመጠ። ሠራሁለት። ሥራ የጀመርኩት በዚያ ነው፤ ሰው የሆንኩትም።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአንደበቴ አልወጣም። መጀመሪያ የፈራሁት የሰው ዓይን ነበር። በኋላ ግን ሌላ ነው፤ ከነገርኩት አይመጣም ብዬ ነው። ስሙን ወስጄበት ሳበቃ፣ ወዳጅነቱም እንዳይቀርብኝ ዋሸሁት። ስንት ዓይነት ሌብነት አለ?

አሁን ለቅዳሜ ታምራትንና ከሽማግሌዎቹ በሕይወት ያለውን ጠርቻለሁ። ወደ ከድርም ሰው ልኬያለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላሳወቅሁትም። ይህን ወረቀት ያኔ በፈረድኩበት በአበበች ግቢ፣ ከድር ፊት ቆሜ አነበዋለሁ። ያልተማረ ነው ይባልልኝ አልልም። ማሽኑ የባዕድ ነው፣ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው አልልም። ከድር ነክተውት ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ በአማርኛ ነው። ይቅርታም አልለምነውም፤ ከለመንኩት እንደሚሰጠኝ አውቃለሁና።

አንድ ነገር ግን ሰው ሁሉ ይወቀው። ሚስቴን ቀብሬ እኔም ልከተላት በደረስኩበት ዓመት ክንዴን ይዞ ያቆመኝ፣ የሟች ድምፅ አጠፋ ተብሎ ከዚህ ከተማ የወጣው፣ እኔ ያስወጣሁት ሰው ነው። ስሙ ከድር ኑረዲን ነው።