ለመሐንዲሱ የጻፍኩት መልስ

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመንግሥት እርሻ ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። የትምህርት ቤት ወንበር ሳላሞቅ እንግሊዝኛ የቻልኩ ሰው ነኝ። ከገበያ የገዛሁትን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የደብዳቤ አጻጻፍ መጽሐፍ ብቻዬን አጥንቼ ነው የተማርኩት፤ ዲግሪ የጫኑት የክፍል ኃላፊዎች ሳይቀሩ ደብዳቤያቸውን እንዳርምላቸው ጠረጴዛዬ ድረስ ይመጡ ነበር። ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

በዚያው እንግሊዝኛዬ ግን አንድ ሰው በድያለሁ።

የበደልኩት የእርሻውን የፓምፕ መካኒክ ነው። የወለንጪቲ ልጅ፣ ኦሮምኛና አማርኛን እኩል የሚናገር፣ ምሳ አብረን የምንበላ ባልደረባዬ ነበር። እንግሊዝኛ መጻፍ አይደፍርም። በአፉ ግን ይቺን በምታህል ጥቂት ቃል፣ እርሻው በኮንትራት ካስመጣው ህንዳዊ መሐንዲስ ጋር ሲሳሳቅ ይውላል። ይህ ያናድደኝ ነበር። እኔ «ሰር» ሳልል ሰላም አልለውም፤ እሱ «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል፤ የመሐንዲሱ ፊት የሚበራው ደግሞ ለእሱ ነው።

አንድ ሐሙስ መካኒኩ ቁራጭ ወረቀት ይዞ መጣ። መሐንዲሱ ዝዋይ ወዳለው ጣቢያ ሲሄድ በእርሳስ ጽፎ የተወለት ነው። «አገሬ የስድስት ወር የፓምፕ ሥልጠና አለ። አንድ ቦታ በእጄ ነው፤ ትሄዳለህ? ቅዳሜ ስም ዝርዝሩን ስለምልክ እስከ ነገ አሳውቀኝ። ካልፈለግህም ቅር አይለኝም» ይላል።

«ሁለት መስመር ጻፍልኝ» አለኝ። «እሄዳለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ሹፌሩ አሁን ወደ ዝዋይ ሊወጣ ነው።»

«ለመሐንዲስ ሁለት መስመር? የዕቁብ ጓደኛህ መሰለህ?»

«ሰውዬው ራሱ በእርሳስ ነው የጻፈልኝ እኮ!»

«እሱ አለቃ ነው፣ ቢፈልግ በከሰል ይጻፍ። አንተ ግን በታይፕ ነው የምትመልሰው።»

ሳቀ። «እሺ ዶክተር። ብቻ ደብዳቤህ እንደ አሮጌ ፓምፕ እንዳይሆንብኝ፤ ጩኸት ብቻ፣ ውሃ የለም።»

ይቺ ቀልድ እልህ አስያዘችኝ። «ክቡር ሆይ» ብዬ ጀምሬ አንድ ገጽ ሙሉ መታሁ። እኛ ዘንድ ጨዋ ሰው ለሰጡት ነገር ወዲያው እጁን አይዘረጋም። ብላ ሲሉት «በልቻለሁ» ብሎ ይግደረደራል፤ «በሞቴ» ሲባል ነው የሚቀርበው። ይህን ወግ እንዳለ እንግሊዝኛ አለበስኩት። «ለዚህ ታላቅ ክብር የማልበቃ ትንሽ ሠራተኛ ነኝ፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ቢገኝ ቅድሚያው ለእሱ ቢሰጥ ደስታዬ ነው» አልኩ። «እሄዳለሁ» የሚለው የትም አልነበረም። ረስቼው አይደለም፤ ነውር መስሎኝ ነው። መሐንዲሱ ደግሞ ይለምነዋል ብዬ ነበር። መካኒኩ አምኖኝ ፈረመ።

ቅዳሜ ጠዋት መሐንዲሱ ስም ዝርዝሩን እንድመታለት ሰጠኝ። በመካኒኩ ቦታ የሌላ ሰው ስም ገብቷል። «ሰር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰውዬው መሄድ ይፈልጋል» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቋንቋው አልጠፋኝም። ግን ያን ካልኩ፣ ያ ሁሉ የምኮራበት እንግሊዝኛ «አዎ» ማለት እንዳቃተው በገዛ አፌ መመስከሬ ነው። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አስገባሁና ያለ አንድ ግድፈት መታሁት።

መካኒኩ ሰኞ ዕለት ሰማ። «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «ራሱ ሂድ አለኝ፣ ራሱ ተወኝ።»

«የውጭ ሰው ልብ አይታወቅም» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ መሐንዲሱ ፓምፕ ቤት ሲገባ መካኒኩ አንገቱን ደፍቶ መፍቻውን ያያል። መሐንዲሱ ግራ ገባው። አንድ ቀን ጠረጴዛዬን ተደግፎ «ወዳጄን ምን አስቀየምኩት? አልሄድም ያለው እሱ፣ የሚያኮርፈው እሱ» ሲል ጠየቀኝ። ሁለተኛ ዕድል መጣልኝ ማለት ነው። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል፣ ሰር» አልኩት። እንከን የማይወጣለት እንግሊዝኛ ነበር። መሐንዲሱ ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሲሸኝ መካኒኩ ግቢው ውስጥ አልነበረም።

በእሱ ፋንታ የሄደው ሰው ተመልሶ አለቃው ሆነ። መካኒኩ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከዚያው ፓምፕ ቤት አልተንቀሳቀሰም። ስንት ጊዜ ልነግረው ምሳ ላይ አፌን ከፍቼ፣ ስለ ሌላ ነገር አውርቼ ተነሣሁ።

አምና ሞተ። ቤተሰቡ «ከአንተ የተሻለ ማን ይጽፋል» ብለው የሕይወት ታሪኩን እንዳዘጋጅ ለመኑኝ። ጻፍኩ፤ ቀብሩ ላይም ቆሜ አነበብኩ። ሥልጠናው ሊነሣ የሚገባው ቦታ ስደርስ «በሥራ ዘመኑ ለሹመት ያልጓጓ ትሑት ሰው ነበር» ብዬ አለፍኩ። ሴት ልጁ አለቀሰች። ሰው ሁሉ አጻጻፌን አደነቀ።