ክብሪት ስንት ገጽ አለው?

ዛሬ መርሳ መናኸሪያ፣ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝን ቲቸር ሰይድን አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ከልጃቸው ጋር የወልዲያ መኪና እየጠበቁ ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም ቲቸር፣ ተማሪዎ ነበርኩ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ማን ልበል? ድምፅህ አልመጣልኝም።»

ስሜን ነገርኳቸው። አላስታወሱኝም። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። (ስንቱን አስተምረው እኔን ለይተው እንዲያውቁኝ መጠበቄ!)

ያኔ ቅርጽ ሲያስተምሩን በማዳበሪያ ከረጢት ሳሙና፣ ጣሳ፣ ክብሪትና ብርቱካን ይዘው ይመጡ ነበር። ዓይናችንን ጨፍነን እጃችንን እንከትና ገጹን በጣታችን ቆጥረን ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሆነ እንናገራለን። ብርቱካኗ አንድም ቀን ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቆይታ አታውቅም።

ይሄ ትዝ ሲለኝ ከጎናችን ካለው ሱቅ ክብሪት ገዛሁና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ስንት ገጽ አለው ቲቸር?»

በጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት። ልክ እኛን እንዳስተማሩን፣ አንዱን ገጽ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይሄዱም።

«ስድስት» አሉ።

«አይደለም፣ አራት ነው። ሁለቱ በር ናቸው» አልኳቸው፣ ያኔ ክፍል ውስጥ እንደመለስኩት።

ሳቃቸው መናኸሪያውን ሞላው።

«አንተ የክብሪቱ ልጅ! ዛሬም አልታረምክም?» ብለው እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉኝ።

መኪናው ሲነሳ በመስኮቱ አየኋቸው። ክብሪቷን አሁንም በጣታቸው እያገላበጡ ይስቃሉ።

እናንተስ? ስማችሁን የረሳ አስተማሪ በየትኛው ስህተታችሁ ያስታውሳችኋል?