ሁለት ቀኝ ጫማ

የበረራ ትእዛዝ ንጋት ላይ ደረሰን። ቀይ ባሕርን የምትቃኝ ባለ ሁለት ሞተር አሮጌ አውሮፕላን ነበረችን። እኔ ባሕሩን በመነጽር የማስስ ተመልካች ነበርኩ፤ አልጋዬ ሥር ያለውን ግን አላየሁም። በጨለማ የራሴን ግራ ጫማና የጓደኛዬን የሙሉጌታን ግራ ጫማ አጥልቄ ወጣሁ። ሲጠብቀኝ እግሬ በእንቅልፍ ያበጠ መሰለኝ። ለሬዲዮ ሠራተኛው ለሙሉጌታ ሁለት ቀኝ ተረፈለት።

ያን ቀን አንድ ፈረንጅ ጋዜጠኛ አብሮን ሊበር መጣ። አንዳችን መቅረት ነበረብን። አብራሪያችን ሻምበል ግርማ እንደ ዳክዬ ስራመድ አየኝና ሳቀ።

«በግራ እግር ብቻ የሚሄድ ሰው ባሕር አይጠብቅም። አንተ ቅር!»

ጋዜጠኛው ካሜራውን አቀበለኝ። የአውሮፕላኗ በር ሥር ተደርድረው አነሣኋቸው፤ አራቱን የእኛን፣ እሱን መሀል አድርጌ። ሞተሩ ሲነሣ ሙሉጌታ ብቅ ብሎ፣ «አንተ ዝርክርክ፣ ስመለስ እንቀያየራለን!» አለኝ።

ረፋድ ላይ ሬዲዮውን ከበን ነበር። ጀልባዎች አዩ። ወረዱ። ተተኮሰባቸው።

«ሞተር ተመታ» አለ ሙሉጌታ። ቀጥሎ፣ «ጫማዬን እንዳታሰፋብኝ።»

ሬዲዮው ዝም አለ። እስኪመሽ ጠራናቸው። በማግስቱ ፈለግናቸው። ባሕሩ ላይ ዘይት ብቻ አገኘን። በጥድፊያ እኔ ጋ የቀረውን ካሜራ ጦር ክፍሉ ከነፊልሙ ለሰውየው ጋዜጣ ላከው።

ይኸው ዛሬ አሜሪካ አገር አሌክሳንድሪያ ተቀምጬ ጉልበቴን አሻለሁ። ታችኛው ፎቅ የሚኖረው ሚስተር ኧርል ጡረተኛ ጋዜጠኛ ነው፤ በወጣትነቱ ነጮቹ ጋዜጦች ጥቁር አንቀጥርም ስላሉት በጥቁሮች ጋዜጣ ሲጽፍ የኖረ። በቀደም አንድ ትልቅ ጋዜጣ የድሮ የጦርነት ፎቶዎቹን ሲያወጣ፣ «ይኼ አገርህ አይደለም?» ብሎ አሳየኝ። እኔ ያነሣሁት ነው። ከሥሩ የዚያ ፈረንጅ ጋዜጠኛ ስም ተጽፏል፤ ቀጥሎ፣ «ከአገሬው ሰዎች ጋር»።

ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖረው ለሙሉጌታ እህት ለጽጌ ኮል አደረግሁላት።

«ጋሼ፣ በእናትዎ ስሙን ያስጽፉልኝ። መቃብር የለው። ልጆቼ አጎት ነበራችሁ ስላቸው ተረት ይመስላቸዋል።»

ሚስተር ኧርል ጋዜጣው ጋ ደውሎ ስልኩን ሰጠኝ። ላነሣችው ሴት የአራቱንም ስም ነገርኳት።

«ሌላ ምስክር አለዎት?»

«አሉ፤ ባሕር ውስጥ።»

ምስክር ካልተጨመረ እንደማያርሙ ነገረችኝ። «የሙሉጌታን እግር እዪልኝ፣ ሁለቱም ጫማው ቀኝ ነው!» ብዬ ለመንኳት።

«አባባ፣ ፎቶው ላይ እግር የለም።»

እውነቷን ነው። ጉልበታቸው ላይ ያልቃል። የማይረባ ፎቶ አንሺ እግራቸውን ቆርጦታል። ፎቶ አንሺው እኔ ነኝ።

ሚስተር ኧርል ስልኩን ዘጋ። «እኛን ከስማችን አጠገብ ‹ኔግሮ› ብለው ይጽፉብን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ስናደድ ኖርኩ። ለካ ስም ስለነበረን ነው» አለ። ሳቅን። የሚያስቅ አልነበረም።

ለጽጌ ነገርኳት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ስደውልላት አንሥታም አታውቅ።

የሞቱት አምስት ናቸው። የጋዜጠኛው ስም ጋዜጣው ላይ አለ፤ እሱም የእናት ልጅ ነው፣ አልቀናበትም። የእኛዎቹ ሻምበል ግርማ ወልዴ፣ መቶ አለቃ በላይ ተካ፣ ሃምሳ አለቃ ኃይሉ ገመዳ፣ ሃምሳ አለቃ ሙሉጌታ አየለ ናቸው። እዚህ ጻፍኳቸው። ጽጌ የፈለገችው ግን ከፎቶው ሥር ነበር።

ጫማው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ሰፍቷል። የሙሉጌታ አንድ ግራ ጫማ አሁንም አለብኝ።