ያልተያዘው ገዳይ

አሰላ ገበያ ዳር ላስቲክ ላይ ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት አንዱን ሽፋኑን አውቄ አነሳሁት። የሻጋታው ሽታ ስድስተኛ ክፍል ወደጨረስኩበት ዓመት ነሐሴ መለሰኝ። ጋሪ ነጂው አባቴ ታሞ ተኝቶ ነበር። ወሩን ሙሉ የወንጀል ልብ ወለድና የጥንት ነገሥታት ታሪክ እየተከራየሁ አነብለት ነበር። ክፍል ውስጥ ድምፄ የማይሰማው እኔ፣ ለእሱ ሲሆን ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ በላይ እጮህ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት የዚህ መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ስደርስ፣ «አቁሚ፤ ገዳዩን ዛሬ አታስይዢብኝ» አለ።

«ለምን አባዬ?»

«ከተያዘማ ነገ ምን ልጠብቅ?»

ቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ። በማግስቱ ቤታችን በለቀስተኛ ተሞላ፤ መጽሐፉም ሳያልቅ ለአከራዩ ተመለሰ።

«ግለጪው እንጂ እህቴ፣ አይነክስም!» አለኝ ሻጩ።

ገዳዩን ሳላስይዝ መልሼ አስቀመጥኩት።