የጀልባው ሞተርና የእኛ ኩርፊያ

ያን ክረምት ከባለቤቴ ጋር ተኳርፈን ነበር። አባቴ በሠርጌ የሰጠኝን ጊደር እሱ ሳይነግረኝ ይፋግ ገበያ ወስዶ ሸጠና አሮጌ የጀልባ ሞተር ገዛበት። ዘመኑ ስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እሱ ወረታ ውስጥ የጭነት መኪና ይጠግን ነበር። «ሜዳው በክረምት ባሕር ነው፤ ሰው እናሻግርበታለን» ብሎ የጣውላ ጀልባ አሠራ። እኔ ምግቡን አቀርባለሁ እንጂ አላናግረውም። የምለው ካለኝ ለጎረቤት እንደማወራ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ እሱም ይሰማል።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ወንድሜ እስከ ወገቡ ረጥቦ ከቁሐር ሚካኤል መጣ። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ ውኃው እናታችን ቤት ገብቷል።

«መደቡ ላይ አስቀምጫት ነው የመጣሁ» አለ። «ውኃው የሚጨምረው ቀስ እያለ ነው፣ አትደንግጡ። ግን እግሯ አይችልም፤ እኔም ተሸክሜ አልዘልቀውም።»

ባለቤቴ የመፍቻ ከረጢቱን አንጠለጠለ። ሦስታችንም ወደ ጀልባዋ ወረድን።

ሞተሩ እምቢ አለ። የማስነሻው ቁልፍ ሲዞር ይሽከረከራል፣ ያጓራል፣ አይነሳም። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አውጥቶ ጠረገ፤ ቤንዚኑን አሸተተ፤ ያው ነው። ባትሪው እንዳልደከመ ከአዟዟሩ ያስታውቃል።

«ትናንት በፀሐይ ወዲያው ተነስቷል፣ ዛሬ በብርዱ እምቢ አለ» አለ ለራሱ። «ቾኩ ነው።»

ቾክ የሚሉት ሞተር ሲበርድ የአየር መግቢያውን የምትዘጋ ትንሽ ሳህን ናት፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበረታለትና ይነሳል። የእኛው በእጅ የሚሳብ አልነበረም። ከመሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኑ ኤሌክትሪክ ሄዶ አንድ ዘንግ ይስባል፣ ዘንጉ ሳህኗን ይዘጋል። ታዲያ የምትጫነው ቁልፍ ከፊት፣ ዘንጉ ከኋላ ነው። አንድ ሰው ተጭኖ ደግሞ ሊያይ አይችልም። ወንድሜ ጀልባዋን በገመድ ይዟታል። ቀረሁ እኔ።

«ነይ፣ ተጫኚው» አለኝ። ተጫንኩ።

«ተጫንሽ?»

ዝም።

«አንቺ ሴት፣ በምን ልወቅ?»

«ተጭኛለሁ!» አልኩ። ከሰኔ ወዲህ ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ነበር። ወንድሜ ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ፤ ትከሻው ሲስቅ ግን አየሁት።

ዘንጉ አልተንቀሳቀሰም። ባለቤቴ አንዲት የመኪና አምፖል አወጣና በዘንጉ ሽቦና በሞተሩ ብረት መካከል አስነካት። ስጫን በራች፤ ስለቅ ጠፋች።

«ኤሌክትሪኩስ ይደርሳል፤ ዘንጉ ነው የተጣበቀው።»

ፈትቶ ሲያወጣው እኔም ላይ ብዬ ወደ ኋላ ተጠጋሁ። የቆየ ዘይትና አፈር እንደ ሙጫ ተጋግሮበታል። በቤንዚን አጠበውና የነጠላዬን ጫፍ ስቦ አደረቀው።

«ነጠላዬንም ሳትጠይቀኝ!» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ጊደሯንም ሳልጠይቅሽ» አለ በቀስታ። «እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እምቢ እል ነበር።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም መጠየቅ ነበረብኝ።»

ወደ ፊት ተመልሼ መሪው አጠገብ ቆምኩ። ዘንጉን መልሶ አሰረና «በይ ተጫኚ» አለ። ከኋላ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። የማስነሻውን ቁልፍ በሌላ እጄ አዞርኩት፤ ሞተሩ አስነጠሰና ተነሳ።

«ልቀቂ፣ ልቀቂ! በቤንዚን ታፍኚዋለሽ!»

ለቀቅኩ፤ ድምፁም ተስተካከለ።

ሣሩ ሲወፍር ባለቤቴ እንዳይጠላለፍበት ሞተሩን ከውኃው እያነሳ፣ ወንድሜ በእንጨት እየገፋ፣ ቀስ ብለን ደረስን። እናቴ ዶሮዎቿን በቅርጫት አቅፋ መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

«አንገቴን ይያዙ» ብሎ ባለቤቴ ጎንበስ አለላት።

ያዘችውና በበሩ በኩል ሞተሩን አየች። «ጊደሯን የበላው ይህ ነው?»

«ይህ ነው» አላት፤ ጆሮው ቀላ።

ስንመለስ እጇን ውኃው ውስጥ ነክራ፣ ከበታቻችን የተኛውን ማሳ ሁሉ ትቆጥርልን ጀመር። «ይህ ኑግ ነው… ይህ የጎረቤታችን ዳጉሳ… ይህ ደግሞ የእኛው፣ አባትሽ ያረሰው።» ከላይ የሚታየው ጭቃማ ውኃ ብቻ ነው፤ እሷ ግን አንዱንም ድንበር አልሳተችም።