በካሜራዬ ያነሳሁት የመጀመሪያ ሰው

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ፣ ልጆቼም አዲስ አበባ ስለሚኖሩ፣ ዲላ ብቻዬን ቀረሁ። ጊዜ ማሳለፊያ ቢሆነኝ ብዬ ዲጂታል ካሜራ ልገዛ ከተማው ሁሉ የሚያምናቸው ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ስጠይቃቸው፣ "እሱ ተከፍቶ የተመለሰ ነው፤ ለእርስዎ አልሸጠውም። አዲሱ እስኪመጣ ይታገሱኝ" አሉ።

በሳምንቱ ደውለው ጠሩኝ። ካርቶኑን ፊት ለፊቴ ከፍተው ባትሪውን ከተቱና፣ "ሳይሞክሩት እንዳይወስዱ። እስቲ አንድ ሰው ያንሱ" አሉኝ።

አብሮኝ የመጣ ሰው አልነበረም። ዙሪያዬን ስቃኝ ሲያዩ ከባንኮኒው ወጡና ኮፍያቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ቆሙልኝ።

ያን ምሽት ራቴን እየበላሁ ፎቷቸውን ደጋግሜ አየሁ። በኋላ አሳጥቤ ስወስድላቸው በርጩማ ሳቡልኝ፣ ሻይም አዘዙ። ለመነሳት አልቸኮልኩም፤ ቤት የሚጠብቀኝ አልነበረም።